በፕሌትሌት የበለጸገ ፕላዝማ ሕክምና በአፍ፣ በመንጋጋና በፊት ቀዶ ሕክምና

የመንጋጋ ጥርስ ሲነቀል በቦታው የሚቀረው ጉድጓድ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በደም ይሞላል። ደሙም ይረጋል። የረጋው ደም የተራቆተውን አጥንት ከምራቅና ከምግብ ቅሪት ይሸፍናል፤ ከቀናት በኋላ በአዲስ ሥጋ፣ ከወራት በኋላ ደግሞ በአዲስ አጥንት ይተካል። ይህን የተፈጥሮ ጥገና ሥራ የሚያስጀምሩት በደም ውስጥ የሚዘዋወሩና በመጠናቸው እጅግ አነስተኛ የሆኑ ፕሌትሌት የተባሉ አካላት ናቸው።

በፕሌትሌት የበለጸገ ፕላዝማ፣ በአጭሩ ፒ.አር.ፒ. በመባል የሚታወቀው የሕክምና ዘዴ መነሻው ይኸው የተፈጥሮ ሂደት ነው። ዘዴው ከታካሚው ከራሱ ደም ተቀድቶ፣ በማሽከርከሪያ መሣሪያ ተለይቶና ፕሌትሌቱ እንዲበዛ ተደርጎ የተዘጋጀን ፈሳሽ ለቀዶ ሕክምና በተከፈተው ቁስል ላይ ወይም በተተከለው አጥንት ውስጥ መልሶ መጨመርን ይመለከታል። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በአፍ፣ በመንጋጋና በፊት ቀዶ ሕክምና የተስፋፋው ይህ ዘዴ ቆይቶም ወደ አጥንትና መገጣጠሚያ ሕክምና፣ ወደ ስፖርት ሕክምና፣ ወደ ቆዳና ወደ ውበት አገልግሎት ተሸጋግሯል።

የዘዴው ተቀባይነት በአብዛኛው የተመሠረተው «የራስ ደም ስለሆነ ጉዳት የለውም» በሚለው አስተሳሰብ ላይ ነው። አስተሳሰቡ በከፊል ትክክል ነው። ይሁንና ደሙ የታካሚው የራሱ መሆኑ ብቻውን ለሕክምናው ውጤታማነትም ሆነ ለደኅንነቱ ዋስትና ሊሆን አይችልም። ይህ ጽሑፍ የዘዴውን ምንነት፣ አዘገጃጀቱን፣ እስካሁን የተገኙትን ማስረጃዎች እንዲሁም መሣሪያ ለሚገዙ፣ ፈቃድ ለሚሰጡና ቁጥጥር ለሚያደርጉ አካላት ሊታወቁ የሚገባቸውን ነጥቦች ያብራራል።

ፕሌትሌት ምንድን ነው?

ፕሌትሌቶች ሙሉ ሕዋሳት አይደሉም። በአጥንት መቅኔ ውስጥ የሚገኙ ሜጋካርዮሳይት የሚባሉ ግዙፍ ሕዋሳት እየተቆራረሱ ወደ ደም የሚለቋቸው፣ ኒውክለስ የሌላቸው ቁርጥራጮች ናቸው። ስፋታቸው ከ2 እስከ 3 ማይክሮ ሜትር ሲሆን፣ ይህም ከቀይ የደም ሕዋስ ስፋት ግማሽ እንኳ አይሞላም። በአንድ ጤናማ አዋቂ ሰው ደም በእያንዳንዱ ማይክሮ ሊትር ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ፕሌትሌቶች ይገኛሉ። ዕድሜያቸውም ከ7 እስከ 10 ቀናት ያህል ነው።

ፕሌትሌቶች ደም እንዲረጋ በማድረግ ረገድ ያላቸውን ሚና በግልጽ ያሳየው ጣሊያናዊው ሐኪም ጁሊዮ ቢዞዜሮ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1882 ነበር። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት የፕሌትሌት ተግባር መድማትን በማስቆም ብቻ የተወሰነ ተደርጎ ሲታይ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካዊው ተመራማሪ ራስል ሮስና ባልደረቦቹ ከፕሌትሌት የሚወጣ ንጥረ ነገር ሌሎች ሕዋሳት እንዲራቡ እንደሚያደርግ አሳዩ። በዚህም ፕሌትሌት ደምን ከማርጋት ባሻገር የቁስል ጥገናን የሚቀሰቅስ መሆኑ ታወቀ።

ዛሬ እንደሚታወቀው ፕሌትሌቶች በውስጣቸው በያዟቸው ጥቃቅን ከረጢቶች እድገት አነቃቂ ፕሮቲኖችን ያከማቻሉ። የደም ሥር ሲቆረጥ ፕሌትሌቶቹ በሥፍራው ይሰበሰቡና ከረጢቶቻቸውን ያራግፋሉ። ከፕሮቲኖቹ መካከል አንዳንዶቹ ጥገና የሚያከናውኑ ሕዋሳትን ወደ ቁስሉ ይጠራሉ፤ ሌሎቹ ሕዋሳቱ እንዲራቡና ኮላጅን የተባለውን የሥጋና የአጥንት ማገር እንዲሠሩ ያነሳሳሉ፤ የተቀሩት ደግሞ አዳዲስ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንዲበቅሉ ያደርጋሉ።

በዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ነጥብ ሊጤን ይገባል። ፕሌትሌት በራሱ አጥንት አይሠራም፤ አጥንት የሚሠሩት ሕያው የአጥንት ሕዋሳት ናቸው። ፕሌትሌት ለእነዚህ ሕዋሳት ጥሪ የሚያስተላልፍ መልእክተኛ እንጂ የእነርሱ ምትክ አይደለም። በመሆኑም ጥሪውን የሚሰማ ሕያው ሕዋስ በአካባቢው ከሌለ የመልእክቱ መብዛት ብቻውን የሚያስገኘው ጥቅም ውሱን ነው። ቀጥሎ የሚቀርቡት የምርምር ውጤቶች የተለያዩ የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደሆነ ይታመናል።

ሕክምናው እንዴት ተጀመረ?

በአፍና በመንጋጋ ቀዶ ሕክምና የደም ተዋጽኦን ለቁስል ጥገና የማዋል ሐሳብ ፒ.አር.ፒ. ከመታወቁ በፊት የነበረ ነው። በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ትሠራ የነበረችው ሐኪም ሄለን ማትራስ እ.ኤ.አ. በ1970 ከደም የሚገኘውን ፋይብሪን የተባለ ፕሮቲን ለቁስል ማጣበቂያነት በእንስሳት ላይ ሞክራ ውጤቱን አቅርባለች። ፋይብሪን ደም ሲረጋ እንደ መረብ የሚዘረጋው ፕሮቲን ነው። ይሁን እንጂ ለገበያ የሚቀርበው የፋይብሪን ማጣበቂያ ከብዙ ለጋሾች ደም የሚዘጋጅ በመሆኑ በሽታ ያስተላልፋል የሚል ስጋት ነበረ።

እ.ኤ.አ. በ1997 ዊትማንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ከታካሚው ከራሱ ደም የሚዘጋጅ የፕሌትሌት ጄል በአፍና በመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ውስጥ ለፋይብሪን ማጣበቂያ አማራጭ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ጽሑፍ አሳተሙ። በቀጣዩ ዓመት በ1998 በሚያሚ ዩኒቨርሲቲ የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም የሆኑት ሮበርት ማርክስና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ጥናት ዘዴውን በዓለም አቀፍ ደረጃ አስተዋወቀው።

ጥናቱ በዕጢ ምክንያት የታችኛው መንጋጋቸው ተቆርጦ 5 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ክፍተት የተፈጠረባቸውን 88 ታካሚዎች ያካተተ ነበር። ለሁሉም ከዳሌ አጥንታቸው ተወስዶ ክፍተቱ እንዲሞላ ተደርጓል። ለግማሾቹ የተተከለው አጥንት በፒ.አር.ፒ. የታገዘ ሲሆን፣ ለቀሪዎቹ ግን ያለ ፒ.አር.ፒ. ተተክሏል። ከ6 ወራት በኋላ በተወሰደው ናሙና አዲሱ አጥንት የሸፈነው ድርሻ ፒ.አር.ፒ. በተጨመረላቸው 74 በመቶ፣ ባልተጨመረላቸው ደግሞ 55 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። በራጅ ምስል የተለካው የአጥንቱ ብስለትም በመጀመሪያዎቹ ወራት ከ1.6 እስከ 2.2 እጥፍ ያህል ብልጫ አሳይቷል።

ውጤቱ በሕክምናው ዓለም ከፍተኛ ተስፋ አሳድሯል። በስፔን ኤድዋርዶ አኒቱዋ እ.ኤ.አ. በ1999 ነጭ የደም ሕዋሳት የማይገቡበትን የራሳቸውን አዘገጃጀት አስተዋወቁ። በፈረንሳይ ደግሞ ጆሴፍ ሹክሩን በ2001 የደም መርጋትን የሚከላከል ንጥረ ነገር የማይፈልገውንና በፕሌትሌት የበለጸገ ፋይብሪን፣ በአጭሩ ፒ.አር.ኤፍ. የሚባለውን ዘዴ አቀረቡ።

አዘገጃጀቱ

ፒ.አር.ፒ. ለማዘጋጀት ከታካሚው ክንድ እንደ ቀዶ ሕክምናው ስፋት አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ደም ይቀዳል። ደሙ የሚቀዳበት ዕቃ እንደ ሶዲየም ሲትሬት ያለ የደም መርጋትን የሚከላከል ንጥረ ነገር ይይዛል። ከዚያም ደሙ ሴንትሪፊዩጅ በተባለው የማሽከርከሪያ መሣሪያ ውስጥ ይገባል።

የመጀመሪያው ዙር ማሽከርከር ቀለል ያለ ነው። በዚህ ጊዜ ደሙ በሦስት ይከፈላል። ከባዶቹ ቀይ የደም ሕዋሳት ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ ቢጫው ፕላዝማ ከላይ ይንሳፈፋል፤ በመካከላቸው ነጭ የደም ሕዋሳትንና የተወሰኑ ፕሌትሌቶችን የያዘ ስስ ነጣ ያለ ንጣፍ ይታያል። ቀጥሎ ከቀይ ሕዋሳቱ በላይ ያለው ክፍል ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ ተዛውሮ ጠንከር ባለ ኃይል ለሁለተኛ ጊዜ ይሽከረከራል። በዚህን ጊዜ ፕሌትሌቶቹ ወደ ታች ይሰበሰባሉ፤ ፕሌትሌት የሌለበት የላይኛው ፕላዝማ ይቀነሳል፤ የቀረው ፒ.አር.ፒ. ይሆናል። በአብዛኛው ከተቀዳው ደም አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው ለሥራ የሚውለው።

ፈሳሹ ቁስሉ ላይ ከመደረጉ ቀደም ብሎ ካልሲየም ክሎራይድ፣ አንዳንድ ጊዜም ትሮምቢን የተባለ ፕሮቲን ይጨመርበትና እንደ ጄል ይረጋል። ፕሌትሌቶቹ ያከማቿቸውን ፕሮቲኖች አብዛኛውን ክፍል የሚለቁት ከረጉ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት ውስጥ ነው። ስለሆነም ጄሉን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ማቆየት የሕክምናውን ዋና ፍሬ እንደ ማባከን ይቆጠራል።

በቀደሙት ዓመታት ትሮምቢኑ ከከብት ደም የሚዘጋጅ ነበር። ይሁንና በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ የከብት ትሮምቢን ሰውነት የራሱን የደም መርጋት ፕሮቲኖች፣ በተለይም አምስተኛው ፋክተር የሚባለውን፣ እንዲያጠቃ ስለሚያደርግ ለከባድ መድማት ሊያጋልጥ እንደሚችል ታውቋል። «የራስ ደም» በተባለው ዝግጅት ውስጥ የሚገባው ተጨማሪ ንጥረ ነገር ከየት እንደመጣ መጠየቅ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

የዙር ብዛትና የማሽከርከር ኃይል

በብዙ የሥራ መመሪያዎች ላይ «በደቂቃ 3,000 ዙር ለ10 ደቂቃ» የሚል ዓይነት ትእዛዝ ይነበባል። ትእዛዙ የተሟላ ቢመስልም አንድ አስፈላጊ መረጃ ይጎድለዋል። ደሙን የሚለያየው የዙሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን በደሙ ላይ የሚያርፈው ኃይል ነው። ይህ ኃይል ደግሞ ከመሣሪያው እምብርት እስከ ደሙ ባለው ርቀት ጭምር ይወሰናል።

ለአብነት ያህል ይህ ርቀት 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ አነስተኛ መሣሪያ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲሽከረከር በደሙ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከመሬት ስበት 805 እጥፍ ያህል ይሆናል። ርቀቱ 16 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትልቅ መሣሪያ በዚያው 3,000 ዙር ሲሽከረከር ግን ኃይሉ ወደ 1,610 እጥፍ፣ ማለትም ወደ ሁለት እጥፍ ያድጋል። በአንደኛው መሣሪያ ላይ የተሳካ መመሪያ በሌላው ላይ ፕሌትሌቶቹን ሊጎዳ ወይም ከቀይ ሕዋሳቱ ጋር ሊያዘቅጣቸው ይችላል። በመሆኑም የሥራ መመሪያ በዙር ብዛት ብቻ ሳይሆን በስበት እጥፍ መጻፍ ይኖርበታል።

ተመሳሳይ ጥያቄ በፕሌትሌቱ መጠን ላይም ይነሳል። ማርክስ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጽሑፍ አንድ ዝግጅት ፒ.አር.ፒ. ሊባል የሚገባው በአንድ ማይክሮ ሊትር 1,000,000 ያህል ፕሌትሌት ሲይዝ መሆኑን ጠቁመዋል። ይህ ልክ በሁሉም ዘንድ ተቀባይነት ባያገኝም ለንጽጽር ይረዳል። የፕሌትሌት ቁጥሩ 200,000 የሆነ ሰው ወደዚህ ልክ ለመድረስ ደሙ አምስት እጥፍ መጠናከር አለበት። ቁጥሩ 150,000 የሆነ ሰው ደም በሦስት እጥፍ ቢጠናከር የሚገኘው 450,000 ብቻ ሲሆን፣ ይህ መጠን በአንዳንድ ጤናማ ሰዎች ደም ውስጥ ያለ ምንም ዝግጅት የሚገኝ ነው። ስለዚህ ከዝግጅቱ በፊትና በኋላ ቆጠራ ካልተካሄደ ለታካሚው የተሰጠው ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር ያስቸግራል።

አንድ ስም፣ ልዩ ልዩ ዝግጅት

በአገልግሎት ላይ ያሉት ዝግጅቶች እየበዙ በመምጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ዶሃን ኤረንፌስትና ባልደረቦቹ የምደባ ሥርዓት አቅርበዋል። ምደባው ዝግጅቱ ነጭ የደም ሕዋሳት መያዝ አለመያዙንና የፋይብሪን መረቡ ጥብቅ መሆን አለመሆኑን መሠረት በማድረግ በአራት ይከፈላል። እነርሱም ነጭ ሕዋስ ያለውና የሌለው ፒ.አር.ፒ. እንዲሁም ነጭ ሕዋስ ያለውና የሌለው ፒ.አር.ኤፍ. ናቸው።

በጥርስ ሕክምና ክፍሎች በስፋት የሚታየው ፒ.አር.ኤፍ. አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። ደሙ ምንም ሳይጨመርበት ይቀዳና ወዲያውኑ ይሽከረከራል፤ በዚያው ላይ እያለ ይረጋል። ውጤቱም ተጨምቆ እንደ ስስ ሽፋን ሊያዝና ሊሰፋ የሚችል ጠንካራ ጄል ይሆናል። ትሮምቢንም ሆነ ካልሲየም አያስፈልገውም። በአንጻሩ ደሙ ከተቀዳ በኋላ ሳይሽከረከር ከዘገየ በዘፈቀደ ስለሚረጋ ዝግጅቱ ይበላሻል። በዚህ ዘዴ ፍጥነት ከመሣሪያው ዘመናዊነት ያላነሰ ዋጋ አለው።

ማስረጃዎቹ ምን ያሳያሉ?

የማርክስ ጥናት የተካሄደው በሕያው የአጥንት ሕዋሳት የተሞላ የታካሚው የራሱ አጥንት በተተከለበት ሁኔታ ነበር። ዘዴው ከዚያ በኋላ በሌሎች ሁኔታዎች ሲሞከር የተገኘው ውጤት እንደየቦታው ይለያያል።

በላይኛው መንጋጋ ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር ለመትከል አጥንቱ ሲሳሳ ከጉንጭ በስተውስጥ ባለው የአየር ክፍተት ወለል ላይ አጥንት የመጨመር ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። የሕክምና ማስረጃዎችን በመገምገም የሚታወቀው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ግምገማ በዚህ ቀዶ ሕክምና ላይ ፒ.አር.ፒ. መጨመሩ የሕክምናውን ውጤት የሚያሻሽል ሆኖ አልታየም።

በድድ በሽታ ሳቢያ በጥርስ ዙሪያ የሚፈጠሩ የአጥንት ጉድጓዶችን በተመለከተ ኮክሬን በ2018 ያቀረበው ግምገማ ለየት ያለ ነው። የፕሌትሌት ዝግጅቶች ከተለመደው የድድ ቀዶ ሕክምና ወይም ከአጥንት ተከላ ጋር ሲጣመሩ መሻሻል እንደሚያሳዩ አመልክቷል። ሕብረ ሕዋስን መልሶ ለማብቀል ከሚያገለግሉ ሌሎች ዘዴዎች ጋር ሲጣመሩ ግን የሚጨምሩት ጥቅም ጥቂት ነው ወይም የለም። በተጨማሪም የማስረጃዎቹ ጥራት በጣም ዝቅተኛ መሆኑን ግምገማው አስገንዝቧል።

ዘግይቶ የሚበቅለው የመጨረሻው የመንጋጋ ጥርስ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ በጉድጓዱ ውስጥ የረጋው ደም ቶሎ ከጠፋ አጥንቱ ይራቆትና ኃይለኛ ሕመም ያስከትላል። ፒ.አር.ኤፍ. በጉድጓዱ ውስጥ ሲደረግ ሕመሙንና ይህን ችግር ይቀንሳል የሚሉ ጥናቶች አሉ። ሆኖም ብዙዎቹ በጥቂት ታካሚዎች ላይ የተሠሩና አዘገጃጀታቸው የተለያየ ነው። ከዚሁ ጋር ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳደሰው ግምገማ ክሎርሄክሲዲን የተባለው ተራ የአፍ ማጽጃ መድኃኒት ይህንኑ ችግር ለመከላከል እንደሚረዳ ማመልከቱ ሊታወስ ይገባል። የበጀት ውሳኔ የሚሰጥ አካል አዲሱን ዘዴ ማነጻጸር ያለበት ከምንም ጋር ሳይሆን አስቀድሞ በእጅ ከሚገኘውና በቂ ማስረጃ ካለው ርካሽ ዘዴ ጋር ነው።

የላንቃ መሰንጠቅ ባለባቸው ሕጻናት የድድ አጥንት ተከላ ላይ፣ በመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም ላይ እንዲሁም በመድኃኒት ሳቢያ በሚከሰት የመንጋጋ አጥንት መሞት ላይ ዘዴው እየተሞከረ ይገኛል። በእነዚህ ሁሉ ለዋናው ሕክምና ተጨማሪ እንጂ ተተኪ ሆኖ አልቀረበም። የሞተ አጥንትን የማስወገድ፣ ኢንፌክሽንን የመቆጣጠርና ስብራትን የማሰር ሥራ በፕሌትሌት አይተካም።

ለማን አይመከርም?

ከታካሚው ራሱ የተወሰደ ደም የሌላ ሰው ደም ሲሰጥ የሚያጋጥመውን የመቆጣት ችግር አያስከትልም። ይሁን እንጂ የፕሌትሌት ቁጥራቸው ለቀነሰ ወይም ፕሌትሌታቸው በአግባቡ ለማይሠራ፣ ደማቸው በኢንፌክሽን ለተመረዘ እንዲሁም ሕክምናው በሚደረግበት ቦታ ላይ ካንሰር ላለባቸው ታካሚዎች ዘዴው አይመከርም። ሕዋሳት እንዲራቡ የሚያነሳሳ ነገር ካንሰር ባለበት ሥፍራ መጨመር ስጋት አለውና።

አስፕሪንን የመሰሉ መድኃኒቶች የፕሌትሌትን ሥራ ይቀንሳሉ። አስፕሪን የነካው ፕሌትሌት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ ሥራው እንደተዳከመ ይቆያል። በመሆኑም ታካሚው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ለሐኪሙ ማሳወቅ አለበት። ለልብ ወይም ለአንጎል የደም ሥር ሕመም የታዘዘ አስፕሪንን ግን ለዚህ ሕክምና ሲባል ያለ ሐኪም ፈቃድ ማቋረጥ ለሕይወት አስጊ ሊሆን ይችላል።

በኒው ሜክሲኮ የደረሰው ጉዳት

የዘዴው አደጋ ከምንም በላይ በግልጽ የታየው በአሜሪካ የኒው ሜክሲኮ ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአንድ የውበት መስጫ ቤት ፒ.አር.ፒ.ን በጥቃቅን መርፌዎች ወደ ፊት ቆዳ የማስገባት አገልግሎት ያገኘች አንዲት ሴት ኤች.አይ.ቪ. በደሟ ውስጥ ተገኘ። ከዚህ አገልግሎት በቀር ለቫይረሱ የሚያጋልጥ ሌላ የታወቀ ምክንያት አልነበራትም።

የጤና ባለሥልጣናት ባደረጉት ፍተሻ ስም ያልተጻፈባቸው ደም የያዙ ቱቦዎች በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይና ከምግብ ጋር በማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጠው ተገኝተዋል። መጠቅለያቸው የተፈታ ሲሪንጆች በመሳቢያ ውስጥ ነበሩ። መሣሪያዎችን በእንፋሎት የሚያመክን ዕቃ በቤቱ አልነበረም። ተቋሙ በዚያው ዓመት ተዘጋ። የአሜሪካ የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከል ማዕከል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ባወጣው ሪፖርት ሦስት ደንበኞች ቫይረሱ የተላለፈባቸው በዚያ አገልግሎት ሳይሆን እንዳልቀረ ገልጾ፣ በውበት መርፌ አገልግሎት የኤች.አይ.ቪ. መተላለፍ ሲመዘገብ ይህ የመጀመሪያው መሆኑን አስታውቋል።

ከዚህ ክስተት የሚገኘው ትምህርት ቀላል ቢመስልም ክብደት አለው። ለሌላ ሰው የሚለገስ ደም ለኤች.አይ.ቪ.፣ ለጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ እንዲሁም ለቂጥኝ ይመረመራል። ለፒ.አር.ፒ. የሚቀዳ ደም ግን ተመልሶ ለባለቤቱ የሚሰጥ ስለሆነ በብዙ ቦታዎች ይህ ምርመራ አይደረግለትም። ስለዚህ ቱቦ ከቱቦ ቢቀያየር ወይም መርፌ በድጋሚ አገልግሎት ላይ ቢውል ስሕተቱን የሚያስቆም ሁለተኛ አጥር የለም። ደሙ «የራስ» ሆኖ የሚቆየው በቱቦው ላይ የተጻፈው ስም ትክክል እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው።

ለግዥ፣ ለፈቃድና ለቁጥጥር የሚጠቅሙ ነጥቦች

በኢትዮጵያ የሕክምና መሣሪያዎች ቁጥጥር በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተሸፈነ ሲሆን፣ ሥራውንም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያከናውናል። ሴንትሪፊዩጁም ሆነ ደም የሚቀዳበት ቱቦ የሕክምና መሣሪያ ነው። አገልግሎቱን ለመጀመር የሚቀርብ ጥያቄ ሲመረመር የሚከተሉትን ነጥቦች ማጣራት ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ሕክምናው ለየትኛው ሕመም እንደሚሰጥና ለዚያ ሕመም ያለው ማስረጃ ምን እንደሆነ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። ለመንጋጋ አጥንት ተከላ የቀረበ ማስረጃ ለፊት ቆዳ ውበት ማረጋገጫ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ቱቦዎቹ የተሠሩበት ዓላማ መረጋገጥ አለበት። ለላቦራቶሪ ምርመራ የተሠራ ቱቦ በውስጡ ያለው ደም ወደ ሰው ተመልሶ እንዲገባ ታስቦ የተመረተ አይደለም። ዋጋው ርካሽ መሆኑ ለዚህ አገልግሎት እንዲውል ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ሦስተኛ፣ የሥራ መመሪያው የማሽከርከሩን ኃይል በስበት እጥፍ፣ ጊዜውን በደቂቃ፣ የደሙን መጠን በሚሊ ሊትር እንዲሁም የሚጨመሩትን ንጥረ ነገሮች ዓይነትና ምንጭ መግለጽ ይኖርበታል። መሣሪያውም በየጊዜው መለካትና መስተካከል አለበት።

አራተኛ፣ ከታካሚው ላይ ደም ከተቀዳበት ደቂቃ ጀምሮ ቱቦው ስምና የካርድ ቁጥር ሊጻፍበት፣ ዝግጅቱ ወደ ታካሚው ከመመለሱ በፊትም በሁለት ሰዎች ሊረጋገጥ ይገባል። በአንድ ጊዜ በአንድ መሣሪያ ውስጥ የሁለት ታካሚዎችን ደም አለማዘጋጀት ስሕተትን በእጅጉ ይቀንሳል።

አምስተኛ፣ መርፌ፣ ሲሪንጅና ቱቦ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ አገልግለው መወገድ አለባቸው። ተመላላሽ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች በእንፋሎት ስለ መምከናቸው መዝገብ ሊኖር ይገባል።

ስድስተኛ፣ ታካሚው ከመፈረሙ በፊት ዘዴው ተጨማሪ እንጂ ዋና ሕክምና አለመሆኑ፣ ወጪው ምን ያህል እንደሆነና ያለ ዘዴው ሕክምናውን ማግኘት እንደሚችል በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል።

በአጠቃላይ ፒ.አር.ፒ. በተፈጥሮ ሂደት ላይ የተመሠረተ፣ በተወሰኑ የመንጋጋና የድድ ሕክምናዎች ተስፋ ያሳየ፣ በሌሎች ላይ ግን ብልጫው ያልታየ ዘዴ ነው። በሠለጠነ ባለሙያ እጅ፣ በተለካ መሣሪያና በንጹሕ ሥፍራ ሲሠራበት አደጋው አነስተኛ ነው። እነዚህ ሳይሟሉ ሲቀሩ የሚደርሰውን ጉዳት የኒው ሜክሲኮው ክስተት አሳይቷል። አገልግሎቱን ለመመርመር የሚሄድ የቁጥጥር ባለሙያም ከመሣሪያው የዋጋ ዝርዝር አስቀድሞ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ በየቱቦው ላይ ስም መጻፉን ቢያይ ስለ ተቋሙ አሠራር ብዙ ይረዳል።